የንጉሥ ልጅ ወዴት ይግባ? ከፋርስ ቤተ መንግሥት እስከ አምባ ግሸን

ኢትዮጵያዊ አንባቢ የፋርስን ንጉሠ ነገሥት በቅድሚያ የሚያገኘው በመጽሐፈ አስቴር ነው። ከሕንድ እስከ ኢትዮጵያ የተዘረጋው ግዛት፣ 127ቱ አገሮች፣ የሱሳ ግንብ፣ የአስጢን መሻር፣ የሐማ ተንኮልና የመርዶክዮስ ክብር በቤተ ክርስቲያንም በቤትም የምናውቀው ተረክ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን የንጉሡ ልጆች አይታዩም። ሚኒስትሩ አለ፣ ጃንደረባው አለ፣ ንግሥቲቱ አለች፤ አልጋውን የሚወርሰው ልጅ የለም። ይህ ዝምታ በቀላሉ የሚታለፍ አይመስለኝም፤ የፋርስ ነገሥታት ታሪክ ደም የበዛበት ገጽ የተጻፈው እዚያው ላይ ነውና።

ብዙ ሊቃውንት ከአስቴር ባል ጋር የሚያያይዙት ዜርክሲስ በ465 ዓመተ ዓለም በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ተገደለ። ልጁ አርጤክስስም አልጋውን የያዘው ወንድሙን ዳርዮስን አስገድሎ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከሺህ ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ በ628 ዓ.ም.፣ ከሳሳናውያን ሥርወ መንግሥት የነበረው ቃዋድ ሁለተኛ አባቱን ኮስሮውን አስገደለ፤ ወንድሞቹንም አንድ በአንድ አስፈጀ። እሱ ራሱ በዚያው ዓመት ሞተ። ዙፋኑ ለሕፃን ልጁ ተረፈ፤ ቀጥሎም ሴቶች ልጆች ሳይቀሩ ተራ በተራ ተቀመጡበት። የመጨረሻው ንጉሥ ያዝደገርድ በ651 መርቭ አጠገብ ሲገደል ሥርወ መንግሥቱ አከተመ። የዐረቦች ጦር የደረሰው ወራሽ በታጣበት፣ መኳንንቱም በተከፋፈሉበት አገር ላይ ነበር።

ከዘመናት በኋላ ፋርስን የገዙት ሳፋቪዎች ደግሞ ሌላ መንገድ ያዙ። ሻህ አባስ ቀዳማዊ በ1615 የበኩር ልጁን ሳፊ ሚርዛን አስገደለ፤ ሁለት ልጆቹን ደግሞ ዐይናቸውን አሳወረ። ዕውር አይነግሥምና ሳይገድሉ ከዙፋን ማራቂያው ይህ ነበር። ከዚያ ወዲህ የፋርስ መሳፍንት ጦርና አስተዳደር ሳይማሩ በእልፍኝ ውስጥ፣ በጃንደረቦችና በሴቶች መካከል አደጉ። ከእነሱ አስቀድሞ የፋርሱ ባለቅኔ ፊርዶውሲ በ1010 ግድም የጨረሰው የነገሥታት ተረክ፣ ሻህናሜም፣ ልቡ የሚደማው በዚሁ ጉዳይ ነው፤ ሶህራብ ልጁ መሆኑን ሳያውቅ አባቱ ሩስተም ይገድለዋል፤ ኢስፋንድያርን አባቱ ዘውዱን ላለመልቀቅ ሲል ወደ ሞቱ ይልከዋል። የጠላት ጦር በበዛበት መጽሐፍ ውስጥ እንባ የሚያስፈስሰው የአባት እጅ ነው።

የኢትዮጵያ መልስ ተራራ ነበር። አምባሰል ውስጥ ያለው ግሸን ዛሬ በመስቀሉ ክብር፣ መስከረም 21 በሚጎርፈው ምእመን ይታወቃል። በመካከለኛው ዘመን ግን የንጉሥ ወንድሞችና ልጆች በጥበቃ ሥር የሚኖሩበት አምባ ነበር። ናዖድ በ1494 ከዚያ ወርዶ ነገሠ። ከ1520 እስከ 1526 አገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ስለ አምባው ጥበቃ ጥብቅነት ጽፏል። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሥርዓት እንደ ጭካኔ ብቻ ሲመለከቱት አያለሁ። ጭካኔ መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም ከቃዋድ ሥራ ጋር ስናስተያየው አምባው ወራሽ ያስቀር እንደ ነበር ይታያል። ፋርስ ወንድሞችን ገድላ ዘር አጣች፤ ግሸን ወንድሞችን አስሮ ዘር አቆየ። የታሰረው ሰው ዕድሜው ባከነ፤ መንግሥቱ ግን ንጉሥ አላጣም።

ሥነ ጽሑፋችን ይህን ጉዳይ የነካው በሩቅ አገር ታሪክ አማካይነት ነው ብዬ አምናለሁ። ከየመን መጥቶ የክርስትናን እምነት የተቀበለው፣ በኋላም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆነው ዕንባቆም በ1553 በራላም ወይዋስፍን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሰ። ታሪኩ በሥሩ የቡድሃ ሕይወት ነው። ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስ በኩል ወደ ዐረብኛ ገባ፤ በጆርጂያና በግሪክ ቋንቋ የክርስቲያን ገድል ሆኖ ተጻፈ፤ ከዚያ እንደገና ወደ ዐረብኛ ተመልሶ እኛ ዘንድ ደረሰ። ንጉሥ አቤኔር ወንድ ልጅ ይወለድለታል። ኮከብ ቆጣሪው ልጁ ክርስቲያን እንደሚሆን ይተነብያል። አባትየውም ይዋስፍን በተለየ ቤተ መንግሥት ይዘጋበታል፤ ደዌን፣ እርጅናን፣ ሞትን እንዳያይ ወጣትና መልከ መልካም አገልጋዮች ብቻ ይመድብለታል። መናኙ በራላም ይህን ግንብ የሚያልፈው ነጋዴ መስሎ፣ የከበረ ድንጋይ አለኝ ብሎ ነው።

እንዲህ ያለ ጉዞ ለማንም የመርካቶ ሰው እንግዳ አይሆንም። ምን አለሽ ተራ የገባ በርሜል ምድጃ ሆኖ ይወጣል፤ የመኪና ጎማም በረባሶ ጫማ ይሆናል። ቀጥቃጩ ብረቱን የሚመርጠው ከየት እንደ መጣ ጠይቆ ሳይሆን ነገ የሚገዛው ሰው ምን እንደሚያስፈልገው አስቦ ነው። ዕንባቆምም የመረጠውን ታሪክ ማን እንደሚፈልገው ያውቅ ነበር።

መጽሐፉ የተመለሰው በገላውዴዎስ ዘመን ነው። የአሕመድ ግራኝ ጦር በ1540 ግድም ግሸንን ይዞ እዚያ የነበሩትን መሳፍንት ከፈጀ ገና ዐሥራ ጥቂት ዓመት ቢያልፍ ነው። የንጉሡ ወንድም ሚናስ ተማርኮ ወደ የመን ተልኮ ነበር፤ በግራኝ ልጅ ተለውጦ ተመለሰ፤ በ1559ም ነገሠ። እንግዲህ ይህን ቤተ መንግሥት አስቡት፦ አንዱ የንጉሥ ልጅ ከየመን ምርኮ የተመለሰበት፣ ብዙዎቹ በአምባው ላይ ያለቁበት፣ ተርጓሚውም ራሱ ከየመን የመጣ። እዚህ ቤት ውስጥ ስለ ተዘጋበት መስፍን የሚናገር መጽሐፍ ሲነበብ የሚሰማው ነገር ከሕንድ ተረት በላይ መሆን አለበት። ልዩነቱም ይበልጥ ይወጋል። አቤኔር ልጁን የሚዘጋበት ዙፋኑን ትቶ እንዳይሄድ ፈርቶ ነው፤ የግሸን ጠባቂዎች ግን የሚፈሩት ዙፋኑን እንዳይቀማ ነው። ይዋስፍ ነግሦ መንግሥቱን ይተዋል፤ የመነነ መስፍን ደግሞ ማንም አይፈራውም። በራላም ወይዋስፍ እስካሁን በአብዛኛው የተነበበው እንደ ገድል ነው። እኔ እንደ ፖለቲካ መጽሐፍም እንዲነበብ እሻለሁ፤ ለንጉሥ ልጅ ከእስርና ከወንድም ደም ሌላ ሦስተኛ መውጫ፣ ምንኩስናን፣ የሚያሳይ መጽሐፍ ነውና።

አውሮፓ ይህንኑ አምባ ወደ ገነት ለወጠችው። እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን ፖርቱጋላዊው ሎቦ ስለ አገራችን የጻፈውን የጉዞ መጽሐፍ በ1735 ወደ እንግሊዝኛ መለሰ፤ በ1759 ደግሞ ራስላስን ጻፈ። የእሱ መስፍን በአማራ ሸለቆ ምንም ሳይጎድለው ይሰለቻል። አስተማሪው ኢምላክ በወጣትነቱ ፋርስን የጎበኘ ባለቅኔ ነው፤ ስለዚህ በልብ ወለዱ ውስጥ እንኳ ኢትዮጵያዊው ጥበብ በፋርስ በኩል ያልፋል። ሲራክ ወልደ ሥላሴ ኅሩይ መጽሐፉን ወደ አማርኛ ሲመልሰው ትልቅ ውለታ ውሎልናል። የራስላስ ስልቹነት ግን የግሸን ሰው ሕመም አይደለም። የግሸኑ እስረኛ የተመኘው ደስታን መፈለግ ሳይሆን ከአምባው በሕይወት መውረድን ነው።

ያንን ሕመም የሚያሳየን ጎንደር ነው። በፋሲለደስ ዘመን እስር ቤቱ ወደ ወህኒ አምባ ተዛወረ። በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል ዮሐንስ ሁለተኛን ከዚያ አውርዶ አነገሠው፤ ሽማግሌ ነበር፣ ቀድሞ ሊያመልጥ ሲል ተይዞም እጁ ተቆርጧል። የሻህ አባስ ልጆች በጠፋ ዐይናቸው ከዙፋን ሲርቁ፣ ዮሐንስ በጎደለ እጁ ዙፋን ላይ ተቀመጠ፤ በዚያው ዓመትም ተገደለ።

ሥርዓቱ ከጎንደር ጋር አልሞተም። ልጅ ኢያሱ በ1921 ተይዞ ፍቼ ታሰረ፤ በ1932 ካመለጠ በኋላ እንደገና ተይዞ ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰደ፤ በ1935ም እዚያው በእስር ሞተ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 1971 በፐርሰፖሊስ የኢራን ሻህ የክብር እንግዳ ሆነው የቂሮስን መንግሥት 2500ኛ ዓመት አከበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ እሳቸው ከዙፋን ወረዱ፤ በ1979 ደግሞ ሻሁ አገሩን ጥሎ ወጣ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጆችና የልጅ ልጆች በደርግ እስር ቤት ዓመታት አሳለፉ፤ ሴቶቹ የተፈቱት በ1988 ነው።