ኢስራፌል፦ ስሙ ከየት፣ ጥቅሱ ከየት?

ኤድጋር አለን ፖ «ኢስራፌል» የተሰኘውን ግጥሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1831 ኒው ዮርክ ላይ በታተመው መድበሉ ውስጥ ነው። ከግጥሙ ራስጌ አንዲት ጥቅስ አስቀምጧል። መልአኩ ኢስራፌል ከፍጥረት ሁሉ የላቀ ጣፋጭ ድምፅ አለው ትላለች፤ ምንጯም «ቁርዓን» ተብሏል። ቁርዓኑን ገልጦ የሚፈልጋት ግን አያገኛትም። እዚያ ውስጥ ጅብሪልና ሚካል በስም ተጠርተዋል፣ ኢስራፊል ግን አልተጠራም። በ39ኛው ምዕራፍ፣ ቁጥር 68፣ ቀንደ መለከቱ ሁለት ጊዜ እንደሚነፋ ይነገራል፤ የነፊው ስም ግን የለም። ስሙን ጠብቆ ያቆየው ትውፊት ነው።

ታዲያ ጥቅሷ ከየት መጣች? ነገሩ እንዲህ ነው። ጆርጅ ሴል እ.ኤ.አ. በ1734 ቁርዓንን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ ረጅም መግቢያ ጻፈለት። ስለ መልአኩ ድምፅ የሚያወራው ይኸው መግቢያ ነው። ቶማስ ሙርም እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተመው «ላላ ሩክ» ማስታወሻ ላይ ቃሉን ወስዶ የሴልን ስም ጠቅሷል። ፖ ዘንድ ሲደርስ የሴል ስም ወደቀና የተርጓሚው ቃል የመጽሐፉ ቃል ሆኖ ቁጭ አለ! በኋለኞቹ እትሞች ደግሞ የመልአኩ የልብ ጅማቶች የበገና ዓይነት መሣሪያ ናቸው የሚል ሐረግ ገባበት። ይህ ሴልም ዘንድ የለም።

«ገጣሚ አይደል፣ ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። አለበት እንጂ። በትውፊቱ ኢስራፊል የፍጻሜውን መለከት የሚነፋ ነው። ድምፁ የሚጣፍጠውና ዓለምን የሚያሳልፈው አንድ አፍ ነው። ፖ ጣፋጩን ወስዶ አስፈሪውን ተወው። ስሙ ከ«ሱራፌል» ጋር እንደሚዛመድ የሚናገሩ ሊቃውንት አሉ። እኛ ለአንድ ልጅ የምናወጣው ይህ ስም በዕብራይስጡ የብዙዎች መጠሪያ ነው፤ በኢሳይያስ ምዕራፍ 6 ከእነሱ አንዱ የነቢዩን ከንፈር በፍም ይነካዋል። እዚያም ዝማሬና እሳት አልተለያዩም።

ይሁንና ግጥሙን ጨርሶ መጣል አይገባም። መጨረሻው ላይ ገጣሚው መልአኩን ይገዳደረዋል፦ ቦታ ብንለዋወጥ አንተ እዚህ ምድር ላይ እንዲህ ባልዘመርክ፣ እኔም እዚያ ሆኜ ከዚህ የደፈረ ዜማ ባሰማሁ ነበር ይለዋል። ግጥሙ የቆመው በዚህ ነው። መከራ የማያውቅ ድምፅ ቢጣፍጥ ምን ይደንቃል? ይህን ጥያቄ ፖ ከማንም አልተዋሰውም፣ የቁርዓን ማኅተምም አላስፈለገውም።

ለእኛም የሚተርፈን ነገር አለ። ከግጥማችን ራስጌ ትልቅ ስም መለጠፍ እንወዳለን። መጽሐፉን ሳንገልጥ ጥቅስ ከጥቅስ ስንቀባበል የሰው ቃል ቅዱስ ቃል ይሆናል፣ የሌላው ሃይማኖትም ጌጥ ሆኖ ይቀራል። እስቲ ጥቅሱን እንፋቀውና ግጥሙን ብቻውን እናንብበው። ከቆመ ቆመ፤ ካልቆመም መልአክ አይደግፈውም።