«ለራሳችሁ ሥሩ»፤ ስለ ማንኮሲ የኢንተርኔት መረብና ስለ ታሪኩ አጻጻፍ

በደቡብ አፍሪቃ በምሥራቅ ኬፕ ክፍለ ሀገር፣ ቀድሞ ትራንስካይ ይባል በነበረው ምድር፣ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ አጠገብ ማንኮሲ የሚባል የገጠር አገር ይገኛል። ሕዝቡ የኮሳን ቋንቋ ይናገራል፤ ቤቶቹም በየኮረብታው ላይ ተራርቀው የተሠሩ ናቸው። በዚህ ስፍራ የአገሬው ሰዎችና የዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተባብረው ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሽቦ የሚሠራ የመገናኛ መረብ ዘርግተዋል። ካርሎስ ሬይ ሞሬኖ፣ ዊልያም ታከር፣ ኒኮላ ቢድዌልና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ሥራ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ገልጸውታል፤ ርእሱም ወደ አማርኛ ሲመለስ «የገጠር ዋይፋይ መረብ ከመዘርጋት የተገኙ ልምዶች፣ ፈተናዎችና ትምህርቶች» የሚል ነው።

ጽሑፉ ምስጋና የሚገባው ነው። መሣሪያውን ከገጠር አድርሰው ፎቶግራፍ ካነሡ በኋላ ወደ ከተማ የሚመለሱ ሰዎች የጻፉት አይደለም፤ ከደራስያኑም መካከል የአካባቢው ሰው አለበት። ዳሩ ግን በርእሱ የተደረደሩት ሦስት ቃላት ሁሉም የዘርጊው ቃላት ናቸው። ልምዱ የማን ልምድ ነው? ፈተናውስ ማንን የፈተነ ነው? የጎሣውን ሹም ማስፈቀድ፣ በሸንጎ መቀመጥ፣ መሣሪያው በማን ቤት ጣራ ላይ እንደሚሰቀል መመካከር፣ ይህ ሁሉ ለመሐንዲስ ወደ ሥራው የሚያደርስ መንገድ ነው፤ ለባህል ጥናት ግን ራሱ ሥራው ይኸው ነው።

የመሣሪያው አሠራር ይህንኑ ግልጽ ያደርገዋል። በማንኮሲ የተተከለው መሣሪያ ሜሽ ፖቴቶ ይባላል፤ «የመረብ ድንች» እንደ ማለት ነውና ስሙ ቀልድ ያለበት ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ቤት ድምፅና መልእክት ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ያሳልፋል። በመካከል አንዱ ቢጠፋ፣ ሌላ የሚያይ ጎረቤት ካለ መልእክቱ በዚያ በኩል ዞሮ ይሄዳል። የኤሌክትሪክ መሥመር በሌለበት ስፍራ ኃይሉ የሚገኘው ከፀሐይ ነው፤ ስለዚህም በመረቡ ውስጥ ያለው ቤት ከመሣሪያው ጋር ባትሪ ይጠብቃል። በመሐንዲሱ ሥዕል ላይ «አንጓ» ተብሎ በነጥብ የሚታየው ነገር እንግዲህ እማወራና አባወራ፣ ምድጃና ደጃፍ ያለው ቤት ነው። ነጥብ ከነጥብ አይቀያየምም፤ ቤት ከቤት ግን ይቀያየማል።

በይበልጥ ሊመረመር የሚገባው የባትሪው ነገር ነው። ሕዝቡ የእጅ ስልክ አስቀድሞ ነበረው፤ የቸገረው ስልኩን የሚሞላበት ኃይል ነበር። መረቡም ገንዘብ ማግኘት የጀመረው በተለይ ከእነዚሁ ባትሪዎች የጎረቤትን ስልክ በመሙላት ነው። ይህንን እንደ ተጓዳኝ ጥቅም ብቻ መቍጠር ስሕተት ነው። ድምፅ ለማስተላለፍ የመጣው ዕቃ መጀመሪያ የታወቀው በኃይል ምንጭነቱ ከሆነ፣ ሰው ወደዚያ ቤት የሚሄደው ስልኩን ይዞ ነው፤ እስኪሞላም ይቀመጣል፤ ይጫወታል። የቤቱ ደጃፍ መገናኛ የሆነው ከመረቡ ጥሪ በፊት ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ነገር የርቀት ነገር ነው። የትራንስካይ ወንዶች ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ጆሃንስበርግ የማዕድን ጕድጓዶች ለሥራ ሲፈልሱ ኖረዋል፤ ቤተ ሰብም በዚሁ ምክንያት ለሁለት ተከፍሎ መኖርን ለምዷል። በመረቡ ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት ያለ ክፍያ መነጋገሩ መልካም ነገር ነው፤ ሆኖም ለጎረቤት በእግር መድረስ ወይም ከኮረብታ መጣራት ይቻላል። ሰው ድምፁን ሊሰማው የሚናፍቀው ዘመድ ያለው ከመረቡ ውጭ ነው። መረቡ ኋላ ከምታታ ከተማ ጋር ተያይዞ ወደ ኢንተርኔት ማደጉ የሚተረጎመው ከዚህ ታሪክ ጋር ሲነበብ ነው እንጂ በፍጥነት መለኪያ ብቻ አይደለም።

በ2014 እ.ኤ.አ. የአገሬው ሰዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ስሙን ዜንዜሌኒ አሉት። ቃሉ በኮሳ ቋንቋ የትእዛዝ ግሥ ሲሆን፣ የሚያዘውም ብዙዎችን ነው፤ «ለራሳችሁ ሥሩ» ማለት ነው። ተናጋሪው ከውስጥ ሲሆን ምክር፣ ከውጭ ሲሆን ተግሣጽ ይሆናል። ማኅበሩ ከመንግሥት የመገናኛ ተቈጣጣሪ የፈቃድ ግዴታ እንዲነሣለት አድርጎ በሕግ ቆሟልና፣ ቃሉ ከውስጥ የሚነገር ሆኗል ብሎ መፍረድ ይቻላል።

ከዚህ ጋር በስፔን አገር በካታሎንያ፣ በኦሶና አውራጃ በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረውን ጊፊ ኔት የሚባለውን መረብ በአንድ ስም ጠቅልሎ «የማኅበረሰብ መረብ» ማለት የተለመደ ነው። ስሙ አንድ ይሁን፤ ማሠሪያው ግን ልዩ ልዩ ነው። በካታሎንያ ወደ መረቡ የሚገባ ሁሉ ሌላው በእርሱ በኩል እንዲያልፍ የሚያስገድድ የተጻፈ ውል ይቀበላል። የማንኮሲ መረብ ግን ከማኅበሩ መተዳደሪያ በፊት በሸንጎ ቃል የቆመ ነው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህንን ሲሰማ ወዲያው ደቦን ያስታውስ ይሆናል፤ ንጽጽሩ ግን አይገጥምም። ደቦ ለቀኑ ሥራ ተጠርቶ ሲመሽ ይበተናል፤ ምሰሶ ለማቆም ይበቃል፤ ባትሪ ለመጠበቅ አይበቃም። የሚቀርበው እድር ነው፤ መዋጮ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና መቀጫ አለው፤ ሥራም በሌለበት ወር ይሰበሰባል።

በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለትርፍ ያልቆመ ኩባንያ በዚሁ በዜንዜሌኒ ስም ተመሥርቶ የምሕንድስናውንና የሕጉን ከባድ ሸክም ለማገዝ ከማኅበሩ ጎን ቆሟል። ጣራው፣ ባትሪውና ደንበኛው ግን የሚገኙት በመንደሩ ነው።