ቀይ ጢም፣ ቀይ ፀጉር

በጅቡቲ ከተማ፣ በሐሙዲ መስጊድ አካባቢ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ አዛውንት ማየት ብርቅ አይደለም። መንገደኛው በአክብሮት ሰላምታ ሰጥቷቸው ያልፋል። ያው ቀለም በአንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ራስ ላይ ሲታይ ግን በብዙ የሐበሻ ቤት ቁጣ ይነሣል። በቅድሚያ “የፈረንጅ ነገር” ይባላል፤ “አሳዳጊ የበደለው” የሚለው ስድብም ይከተላል።

የመጀመሪያው ክስ ውኃ አያነሣም። የሐመር ሴቶች ፀጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ይለውሳሉ። እጅንና እግርን በእንሶስላ ማቅላትም የቆየ የሴቶች ጌጥ ነው። ሽበቱን በጥቁር ቀለም የሚሸፍን አባትም ቢሆን ከልጁ የተለየ ሥራ አልሠራም። ልዩነቱ የአባት ቀለም ዕድሜን ሲደብቅ፣ የልጅ ቀለም ዕድሜን ማወጁ ላይ ነው።

ሁለተኛው ክስ ጠለቅ ያለ ነው። ቀድሞ የልጅ ራስ የወላጅ ነበር። ለሕፃን ቁንጮ ይተውለታል፤ መሐል አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን የምታስቀር ልጃገረድ ሳዱላ ትባላለች፤ ስታገባ ፀጉሯን ታሳድጋለች። ፀጉር ዕድሜን ይናገር ነበር፤ የሚያናግረውም ወላጅ ነበር። ዛሬ በከተማ ሳዱላ የለም። በልጅነትና በጉልምስና መካከል ያለው ዘመን ግን አለ፤ ልጁም የዚያን ዘመን ምልክት በገዛ እጁ አኖረ። እንግዲህ ወላጅን የሚያስቆጣው ከቀለሙ ይልቅ ምላጩ ከእጁ መውጣቱ ነው።

ስደት ደግሞ ቁጣውን ያባብሰዋል። ከአገር ውጭ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ወሬው በስልክ ድሬዳዋና አዲስ አበባ እንደሚደርስ ያውቃል። “አሳዳጊ የበደለው” የሚለው ቃል የሚጠራው ልጁን፣ የሚመታው አሳዳጊውን ነውና ወላጁ ስለ ፀጉር የሚሟገት መስሎ ስለ ገዛ ስሙ ይሟገታል።

በዚህ መሐል ዋናው ጥያቄ ሳይነሣ ይቀራል፤ ይኸውም “የቀባኸው ምንድን ነው?” የሚለው ነው። ፀጉርን ለማንጣት የሚውለው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የተፈጥሮውን ቀለም ያጠፋል፤ ሲበዛም ፀጉሩን አድርቆ ይሰባብረዋል። በብዙ ጥቁር ቀለሞችና “ጥቁር ሂና” በሚባለው ቅይጥ ውስጥ የሚገኘው ፒ.ፒ.ዲ. የተባለ ንጥረ ነገር አንዳንዱን ሰው ቆዳውን አቁስሎ ጠባሳ ይተውበታል። ስለዚህም ነው ቀለሙን ከ48 ሰዓት በፊት በጥቂቱ ቆዳ ላይ መሞከር የሚመከረው። ይህ ምክር ሽበቱን ለሚያጠቁር አባትም ይሠራል።

በቁጣ የተላጨ ፀጉር በወራት ውስጥ ይበቅላል። ልጁ ግን ቀጣዩን ቀለም የሚቀባው ተደብቆ፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ አብሮት የሚያነብ ታላቅ ሰው በሌለበት ይሆናል።