ከቀሚሱ ጋር የሚያረጅ ክር

እናቴ ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ የምትለብሰው ቀሚስ ደረቱ ላይ፣ ከጥልፉ መስቀል ግራ ክንድ በታች፣ አውራ ጣት የምታህል ሮዝ እድፍ አለችበት። ጥልፉን የሠራሁት እኔ ነኝ። የጥልፍ ማሽኑ አዲስ ነበር፤ እኔም ለሥራው አዲስ ነበርኩ። ቀዩን ክር የገዛሁት በድምቀቱ ተማርኬ ነው። የካቲት 16 ቀን ጠዋት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ተረጨችና ቀሚሱ ደረቷ ላይ ራሰ። ፀሐይ ወጥታ ሳያደርቀው ቀዩ ቀለም ወደ ነጩ ፈትል ወረደ። እናቴ ምንም አላለችኝም። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ሸፈነችው፤ ቅዳሴው እስኪያልቅም እጇን ከዚያ አላነሳችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክር ስመርጥ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ክር ከቀሚሱ ጋር አብሮ ማርጀት ይችላል? ቀሚሱ ገና ሳይጠገብ የሚደበዝዝ ወይም የሚለቅ ክር መጥፎ ነው። ጨርቁ እየሳሳ ሲሄድ እሱ ብቻ እንደ ሽቦ ደርቆ የሚቀርና ፈትሉን የሚበላ ክርም ጥሩ አይደለም። ጥሩ ክር ጨርቁ ሲለሰልስ አብሮ ይለሰልሳል፤ ሲታጠብ አብሮ ይታጠባል፤ ሲያረጅም አብሮ ያረጃል።

ይህ እንደሚቻል ምስክር አለን። የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ይለብሱት የነበረ የጥጥ ቀሚስ ከ1860 ዓ.ም. የመቅደላ ጦርነት በኋላ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ ዛሬ ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ውስጥ አለ። ጥልፉ በሐር የተሠራ ነው። መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎም ሐሩ ከጥጡ አልተጣላም። ያን ቀሚስ የጠለፈ እጅ ማሽን አያውቅም ነበር፤ ክር መምረጥ ግን አሳምሮ ያውቅ ነበር።

መጀመሪያ ጨርቁ

ክር ሊገዙ ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ ከሚጠልፉበት ጨርቅ ቁራጭ ይዘው ይሂዱ። ፈትል ከሆነ ማጉ በእንዝርት የተፈተለ፣ ወፍራምና ቀጭኑ የተቀላቀለ፣ ለስለስ ብሎ የተሸመነ ነው። ነጩም ጥርት ያለ ነጭ አይደለም፤ ወተት ይመስላል። ሰማያዊ ብልጭታ ያለው ነጭ የፋብሪካ ክር እዚህ ላይ ሲጠለፍ ባዕድ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ነጭ በነጭ የሚጠልፍ ሰው ክሩን ከቁራጩ ጋር አጋጥሞ፣ ከሱቁ ወጥቶ፣ በቀን ብርሃን ማየት አለበት። መነን ደግሞ በፋብሪካ ክር ስለሚሸመን ጠበቅና ለስለስ ያለ ነው፤ ብርቱ ክርም ይሸከማል።

ሌላው ነገር መጨማደድ ነው። ፈትል በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ ፖሊስተር ክር ግን አይሰበሰብም። ሳይታጠብ የተጠለፈ ፈትል አንዴ ሲታጠብ መስቀሉ ዙሪያ ተኮማትሮ የሚቀረው ለዚህ ነው። ጥፋቱ የክሩ ይመስላል እንጂ የእኛ ነው። ጨርቁን አስቀድሞ ማራስ፣ ማድረቅና መተኮስ ያስፈልጋል።

አራት ቤተሰብ

ሽሮ ሜዳም ሆነ መርካቶ የሚያብረቀርቅ ክር ብዙ ጊዜ በጅምላ «ሐር» ይባላል። ገዢ ግን ለይቶ ማወቅ አለበት።

ጥጥ የፈትል የሥጋ ዘመድ ነው። እንግሊዛዊው ጆን መርሰር በ1844 እ.ኤ.አ. ጥጥን በኮስቲክ ሶዳ መንከርን ከደረሰበት ወዲህ፣ በዚህ መንገድ የታከመ ጥጥ ቀለም አጥብቆ ይይዛል፤ ቆይቶም መጠነኛ ወዝ አግኝቷል። ለሕፃን ክርስትና ልብስና ለነጭ በነጭ ጥልፍ ከሱ የሚሻል የለም፤ ቆዳ አይቧጭርም። ብናኝ ስለሚተው ግን የማሽኑን የታችኛውን ክር ቤት ቶሎ ቶሎ መጥረግ ግድ ነው።

ሬዮን ከእንጨት የሚወጣ ክር ነው። የእንጦጦን ተራራ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ያለበሰው ባሕር ዛፍ፣ በብራዚልና በደቡብ አፍሪካ ተፈጭቶ ለሬዮን ጥሬ ዕቃ ይሆናል። ወዙ ለሐር የቀረበና ለስላሳ ነው፤ ጥልፉ ጨርቁ ላይ ተጋድሞ ይተኛል እንጂ አይቆምም። ድካሙ ውኃ ነው፤ ሲርስ ጉልበቱ ይቀንሳል። በረኪናም ጠላቱ ነው። በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ብቻ ለሚለበስ፣ በእጅና በርጋታ ለሚታጠብ የፈትል ቀሚስ ምርጫዬ እሱ ነው።

ፖሊስተር ከነዳጅ ተዋጽኦ የሚሠራ፣ ብርቱና በደንብ ከተቀለመ ቀለሙ የማይበገር ነው። ዘወትር ለሚለበስ፣ በኦሞ ተፈትጎ ፀሐይ ላይ ለሚሰጣ፣ አንዳንዴም በረኪና ለሚነካው ልብስ ይሁን። መነንና ጠበቅ ያለ ጨርቅ ይስማማዋል። በሳሳ ፈትል ላይ ጥቅጥቅ አድርጎ መጠለፍ ግን ጨርቁን መጉዳት ነው፤ ክሩ ከጨርቁ ይበረታል።

እውነተኛ ሐር ዋጋው የከበደ ነው። የጉሎ ቅጠል የምትመገብ የሐር ትል በአገራችንም ትረባለች፤ የሷ ሐር እንደ ጥጥ ስለሚፈተል ወዙ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ከማሽን ይልቅ ለሸማኔና ለእጅ ጥልፍ ይመቻል።

በጣትና በዐይን

ጥቅሉ ላይ 40 የሚል ቁጥር ካለ የቤት ማሽን የለመደው ውፍረት ነው። ትርጉሙ 1 ኪሎ ግራም ክር 40 ኪሎ ሜትር ይረዝማል ማለት ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል። ለላይ 40፣ ከ75/11 መርፌ ጋር፤ ከታች ቀጠን ያለ 60 ይበቃል።

ቁጥሩ ግን ጥራትን አይነግርም፤ የሚነግረው ጣት ነው። አንድ ክንድ ያህል ክር ይምዘዙና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጥፍር መካከል ቀስ ብለው ይሳቡት። ጥሩ ክር እንደ ዘይት ይፈስሳል። መጥፎው ቋጥ ቋጥ እያለ ጥፍር ይይዛል፤ እያንዳንዷ ቋጠሮ ነገ መርፌው ቀዳዳ ላይ የምትበጠስ ቦታ ናት። የቤት ማሽን በደቂቃ ከ400 እስከ 800 ጊዜ ገደማ ይወጋል፤ ክሩም ጨርቁ ላይ ከማረፉ በፊት ያችኑ የመርፌ ቀዳዳ ደጋግሞ ይመላለስባታል። በእጅ ያልታየ ጸጉር በዚያ መመላለስ ውስጥ ገመድ ይሆናል።

ቀጥሎ ሁለቱን ጫፎች አቀራርበው መሐሉን ወደ ታች ይልቀቁት። ጥምዝምዙ የተመጣጠነ ክር እንደ ሐብል ክፍት ሆኖ ይንጠለጠላል። በራሱ ላይ ተጠምዝዞ ገመድ ከሆነ ከመጠን በላይ ተከርሯል፤ ማሽን ላይ ይቋጠራል። በመጨረሻ ይጎትቱት። ጤነኛ ክር በመጠኑ ተለጥጦ ይበጠሳል፤ ቀጭ ብሎ የተበጠሰ የደረቀ ነው። ሱቁ በር ላይ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጥቅል ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ከውስጥ፣ ከካርቶኑ እንዲያወጡልዎ ይጠይቁ።

ክር ሲገዙ አይቆጥቡ፤ ለአንድ ቀሚስ የሚበቃውን ከአንድ ሎት፣ ማለትም አብሮ ከተቀለመ ክር፣ በአንዴ ይግዙ። ጥቅጥቅ ያለ ጥልፍ በ1,000 ስፌት 5 ሜትር ገደማ የላይ ክር ይበላል፤ 60,000 ስፌት ያለው የደረትና የጫፍ ጥልፍ 300 ሜትር ይወስዳል። ያው የቀለም ቁጥር ሆኖ ሎቱ ሲለያይ መስቀሉ ግማሹ ይጠቁራል፤ ሱቅ ውስጥ ያልታየው ልዩነት ቀሚሱ ላይ ይታያል።

በእሳትና በውኃ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ወጣት ባለሱቅ ቀይ ጥቅል ዘረጋልኝ።

«እትዬ፣ ይሄ ንጹሕ ሐር ነው፤ በፍጹም አይለቅም።»

«ወንድሜ፣ አንድ ክንድ ብቻ ቆርጠህ ትሰጠኛለህ?»

ቆርጦ ሰጠኝ። ይህን የማይከለክል ነጋዴ ክሩን ያምነዋል፤ ከከለከለ ግን ወደሚቀጥለው ሱቅ ነው። ከቦርሳዬ ሶፍት አውጥቼ በውኃ አርሼ ክሩን ጠቀለልኩበትና በጥፍሬ አሸሁት። ሶፍቱ ሮዝ ሆነ። ወጣቱም አየ። «እኔም ሐር ነው ተብዬ ነው የገዛሁት» አለኝ። አምነዋለሁ።

ሶፍቱን ያለፈ ክር እቤት ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ከነጭ ፈትል ቁራጭ ጋር አብሬ ቋጥሬ ኦሞ ባለበት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆየዋለሁ፤ ከዚያ እርጥቡን በጋለ ካውያ እተኩሰዋለሁ። ቀይ፣ ጥቁር፣ ጥልቅ ሰማያዊና አረንጓዴ ይህን ሳያልፉ ነጭ ላይ አይወጡም።

ዘሩን የሚለየው ደግሞ እሳት ነው። ቁራጩን በመቆንጠጫ ይዘው ሳህን ላይ ይለኩሱት። ጥጥና ሬዮን ወረቀት ወረቀት እየሸተቱ ነድደው ለስላሳ አመድ ይሆናሉ። ፖሊስተር ይቀልጣል፤ ጫፉም ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሠራል። እውነተኛ ሐር የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፤ ከሰሉም በጣት ይደቅቃል። የባለሱቁን «ንጹሕ ሐር» እንዲህ ለኮስኩት፤ ዶቃ ሠራ።

ወርቃማው ክር

ወርቃማ ክር ብዙውን ጊዜ በናይለን ወይም በፖሊስተር እምብርት ላይ የተጠመጠመ ስስ ቅርፊት ነው። ደጋግመው አጥፈው ይዩት፤ ቅርፊቱ ተላጦ ነጩ እምብርት ከታየ መርፌው ከዚህ የባሰ ይልጠዋል። ጥሩው ሲታጠፍ ወዙን ይይዛል። ቢሆንም ርኅራኄ ይፈልጋል፦ ቀዳዳው ሰፋ ያለ 90/14 መርፌ፣ ላላ ያለ ውጥረት፣ ዝግ ያለ ፍጥነት። ጥቅሉም ከአናቱ ሳይሆን ከጎኑ እየተሽከረከረ እንዲተረተር ይቀመጥ፤ ከአናቱ ሲሳብ ይጠማዘዛል። ወርቁን ለመስቀሉ ዳርና ለእምብርቱ ብቻ እጠቀምበታለሁ። መስቀሉን በሙሉ በወርቅ መሙላት ለስላሳውን ፈትል ቆርቆሮ ያደርገዋል፤ የለበሰችውም ስትቀመጥ ደረቷ ላይ ይታጠፋል።

ጀርባው ይናገራል

የሰው ሥራ ለመመዘንም፣ የራስዎን ለማረምም ገልብጠው ይመልከቱ። ድፍን ጥልፍ በተሠራበት መስመር ጀርባ፣ የታችኛው ክር መሐል ለመሐል ሲሶውን ያህል ስፋት ይዞ፣ የላዩ ክር ከግራና ከቀኝ ሊያቅፈው ይገባል። የታችኛው ከላይ ብቅ ካለ የላዩ ክር ከመጠን በላይ ተወጥሯል፤ ጀርባው በሙሉ የላይ ክር ከሆነ ላልቷል። ጉንጭዎን ያስነኩት። የሚቧጭር ከሆነ የለበሰችውን ቀኑን ሙሉ ሲቧጭራት ይውላል፤ ፊቱ ምንም ቢያምር ያ ቀሚስ ሣጥን ውስጥ ይቀራል።

የመስኮቱ ቁራጭ

የመጨረሻው ፈተና ጊዜ ይፈልጋል። እንጦጦ ጫፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ፀሐዩ ቀለም መብላቱ ይበረታል። ስለዚህ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ አንድ ስንዝር ፈትል ላይ የገዛኋቸውን ክሮች በመስመር በመስመር እጠልፋለሁ። ከየመስመሩ ሥር የቀለሙን ቁጥር በእርሳስ እጽፋለሁ። ግማሹን በካርቶን ሸፍኜ መስኮቱ ላይ እሰቅለዋለሁ፤ የካቲት ሲገባ ካርቶኑን አነሣለሁ።

ዘንድሮ ስድስት ቀይ ሰቅዬ ነበር። ሦስቱ ከካርቶኑ ውጪ ያለው ጎናቸው ወደ ብርቱካን ሄዷል። አንዱ ሳይደበዝዝ ደርቆ በጣት ሲነካ ተሰበረ። ሁለቱ የተሸፈነው ከተገለጠው አይለይም፤ አንዱ ፖሊስተር፣ አንዱ ጥጥ። ፖሊስተሩን ለዘወትር ልብስ አስቀመጥኩት። ጥጡን ማሽኑ ላይ አስገባሁና የእናቴን ቀሚስ አወጣሁ። የድሮውን ቀይ አንድ በአንድ ፈትቼ፣ መስቀሉን በዚያው ቀዳዳ ላይ እንደገና ጠለፍኩት። ግራ ክንዱን በአንድ ጣት ወደ ታች አሰፋሁት፤ ሮዟ እድፍ ከሥሩ ናት።

የካቲት 16 ጸበሉ እንደ ወትሮው ደረቷ ላይ ወረደ። እናቴ በዚህ ጊዜ ነጠላዋን አልሳበችም።