በባክቴሪያ የተሠራ ኢንዲጎ፤ ሁለት ምርምሮች ሲመዘኑ

የጂንስ ሱሪ ድሩ ሰማያዊ፣ ማጉ ነጭ ነው። ሰማያዊነቱን የሚሰጠው ኢንዲጎ የተባለው ቀለም ሲሆን፣ ዛሬ በብዛት የሚሠራው በፋብሪካ፣ ከአኒሊን፣ ከፎርማልዴሃይድና ከሃይድሮጅን ሳያናይድ ነው። ይህን አደገኛ ሥራ ባክቴሪያ ሊተካው ይችላል የሚለው ተስፋ ከተሰማ ብዙ ዘመን ሆነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ተስፋውን ያስገኙትን ሁለት ምርምሮች፣ ማለት የ1983ንና የ2018ን፣ ለመመዘን አስበናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ኢንዲጎ በውሃ አይሟሟም። ስለዚህ አቅላሚው ሁለት ችግር አለበት፤ አንደኛው ቀለሙን ማግኘት፣ ሁለተኛው ቀለሙን አሟሙቶ ለክሩ ማጠጣት ነው። የጥንት አቅላሚዎች ሁለተኛውን ችግር የፈቱት ባያውቁትም በባክቴሪያ ነበር። በጃፓን የተብላላውን የኢንዲጎ ቅጠል ከአመድ ውሃና ከስንዴ ፉርሽካ ጋር በጋን ይጠነስሱታል፤ በአውሮፓም ወድ በተባለው ተክል ተመሳሳይ ሥራ ይሠራ ነበር። ከወድ ጋን የተለየች አንዲት ባክቴሪያ በ1999 ክሎስትሪዲየም ኢሳቲዲስ ተብላለች። ጋኑ ግን እንደ እርሾ ጥበቃ የሚሻ፣ ቀናትም የሚፈጅ ስለ ሆነ፣ ፋብሪካዎች ሶዲየም ዳይታዮናይትን መረጡ። ይህም ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ወደ ሰልፋይትና ሰልፌት ተለውጦ ከእጣቢው ጋር ይወጣል፤ ቧንቧ ይበላል፤ ውሃ ያበላሻል።

በ1983 በርት ኤንስሊና የአምጄን ባልደረቦቹ ናፍታሊን ከሚበላው ፕሲውዶሞናስ ፑቲዳ ጂን ወስደው ወደ ኢ. ኮላይ ቢያስገቡ፣ ኢ. ኮላይ ኢንዲጎ ሠራ። ግኝቱ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን የፈታው የመጀመሪያውን ችግር ብቻ ነው። ከባክቴሪያ የተገኘው ኢንዲጎ ከፋብሪካው ጋር አንድ ዐይነት ሞለኪውል ነውና፣ እርሱም ሳይሟሟ ወደ ክር አይገባም። እንግዲህ ዳይታዮናይቱ በቦታው እስካለ ድረስ፣ ቀለሙን ባክቴሪያ ሠራው መባሉ ብቻ እጣቢውን አያጠራም።

በ2018 በበርክሊ የጆን ዱበር ቡድን ያወጣው ጥናት ከዚህ ይሻላል። እዚህ ባክቴሪያው ኢንዲጎን ጨርሶ አይሠራም፤ ኢንዶክሲል ከተባለው ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ ከጃፓን የኢንዲጎ ተክል የተወሰደ ኢንዛይም ስኳር ይለጥፍበታል። የሚገኘው ኢንዲካን በውሃ ይሟሟል። ክሩ በዚህ ከተነከረ በኋላ ሌላ ኢንዛይም ስኳሩን ይቆርጣል፤ የቀረውም ከአየር ጋር ተገናኝቶ በክሩ ውስጥ ኢንዲጎ ይሆናል። ዳይታዮናይት አያስፈልግም።

ሆኖም አሞጋሾቹ የዘነጉት አንድ ሒሳብ አለ። አንድ የኢንዲጎ ሞለኪውል ለመሥራት ሁለት ኢንዲካን ያስፈልጋል። ስለዚህ ለ262 ግራም ኢንዲጎ 360 ግራም ያህል ግሉኮስ ከክሩ ይለያል፤ ማለት ከቀለሙ የሚበልጥ ስኳር ነው። ካልተሰበሰበ ከእጣቢው ጋር ይሄዳል፤ ወንዝ ቢገባ ደግሞ የውሃው ረቂቅ ሕዋሳት እርሱን ሲበሉ ዓሣ የሚተነፍሰውን ኦክሲጅን ይጨርሳሉ።

ይህን ማለታችን ዘዴውን ለመንቀፍ አይደለም። ስኳርን በማጣሪያ ገንዳ ባክቴሪያ ሊበላው ይችላል፤ የሟሟን ሰልፌት ግን ከውሃው ለመለየት ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። በአገራችን በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እጣቢውን ወደ ውጭ ሳይለቅ አጣርቶ እንዲጠቀምበት ታስቦ ተሠርቷልና፣ በእንዲህ ያለ ቦታ ይህ ልዩነት የወጪ ልዩነት ነው።

ስለዚህ ባዮሎጂ ተማሪው ስለ ጂኑ፣ ኬሚስትሪ ተማሪው ስለ ቀለሙ ለየብቻ ከሚጽፍ ይልቅ፣ ለአንድ ኪሎ ክር የሚገባውንና የሚወጣውን፣ ውሃውን፣ ስኳሩን፣ ጨውንና ሙቀቱን፣ በአንድ ሠንጠረዥ አብረው ቢያሰፍሩት እንወዳለን። የጥንቱም ጋን በዚሁ ሠንጠረዥ አንድ ረድፍ ይሰጠው፤ ዝግተኛ መሆኑ ብቻ ሳይመዘን እንዲጣል አያበቃውምና።