ስለ ሂፕ ሆፕ ግጥምና ስለ አንድ ከበሮ መቺ

የአሜሪካ ጥቁሮች ሂፕ ሆፕ ብለው የሚጠሩት የግጥምና የከበሮ ጨዋታ በዓለም ሁሉ ተዘርግቶ ሳለ፥ ስለ እርሱ የሚሰጠው ፍርድ ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት አይወጣም። አንዳንዱ ሊቅ ጩኸት ነው ብሎ ጆሮውን ይደፍናል፤ አንዳንዱም የከተማ ሰው ትልቅ ሽልማት አገኘ ሲባል ሰምቶ ያደንቀዋል። ሁለቱም ግጥሙን አላዩትም። ቅኔ የሚመረምር ሰው ግን አስቀድሞ ቤቱን ይቈጥራል፥ ቀጥሎ ሰሙን ይፈታል፥ ከዚያም ወርቁን ይፈልጋል እንጂ የባለቅኔውን ልብስ አይቶ አይፈርድም።

ነገሩ የተጀመረው ከድኻ ሰፈር ነው። ኦገስት 11 ቀን 1973 ዓ.ም. (ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በኒውዮርክ ከተማ ብሮንክስ በሚባለው ሰፈር፥ ከጃማይካ ተሰዶ የመጣ ቤተ ሰብ ልጅ የሆነች ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጃገረድ ለትምህርት ቤት ልብስ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ታገኝ ዘንድ ጭፈራ አዘጋጀች። ሸክላ የሚያጫውተው ወንድሟ ክላይቭ ነበረ፤ ሰዎችም ኩል ኸርክ ይሉታል። ይህ ልጅ ጨፋሪው ሕዝብ ከዘፈኑ ሁሉ ይልቅ፥ ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚመታበትን ስፍራ እንደሚወድ አስተዋለ። ያ ስፍራ አጭር ስለ ሆነም፥ ዐይነቱ አንድ የሆነ ሁለት ሸክላ በሁለት ማጫወቻ ላይ አድርጎ፥ የአንደኛው ከበሮ ሲያልቅ የሁለተኛውን እያስከተለ ያስረዝመው ጀመር። በዚያ ከበሮ ላይ ቤት የሚመታ ንግግር ተጨመረበት። በ1979 ሹገርሂል ጋንግ የተባሉት ያስቀረጹት ሸክላም ነገሩን ከሰፈር አውጥቶ ወደ ገበያ አደረሰው።

ከዚያ ወዲህ የሄደበትን መንገድ መዘርዘር አያስፈልግም፤ የሚያውቀው ብዙ ነውና። በ2015 የአሜሪካ የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር የሐሚልተን ታሪክ በዚሁ አነጋገር ተደርሶ በብሮድዌይ ቴአትር ታየ። በ2018 የፑሊትዘር የሙዚቃ ሽልማት ለኬንድሪክ ላማር ተሰጠ፤ ያ ሽልማት ከዚያ በፊት ከክላሲክና ከጃዝ ወጥቶ አያውቅም ነበር። በ2024 ደግሞ ጭፈራው በፓሪስ ኦሎምፒክ ከስፖርት ጋር ተቈጠረ። ጫማ ነጋዴውም መጠጥ ነጋዴውም አነጋገሩን ተዋሰው።

ግጥሙን በተመለከተ፥ አንባቢን አስቀድሞ የሚያስቀይመው ገጣሚው ራሱን ሳያፍር ማወደሱ ነው። ነገር ግን ይህ ፉከራና ቀረርቶ ለሚያውቅ አገር እንግዳ ሊሆን አይገባም። ቤቱም የሚያስንቅ አይደለም፤ በመድረሻው ብቻ ሳይሆን በስንኙ መካከልም እየመላለሰ ይመታልና። አንዱን ቃል ለሁለት ነገር ማዋልን፥ ማለት ኅብርን፥ እጅግ ይወዳሉ። ሁለት ገጣሚዎች በሕዝብ ፊት ተቃርበው ሳይጽፉና ሳያሰናዱ ወዲያው እየተናገሩ ሲፋለሙ ያየ ሰው፥ በመምህሩ ፊት ቆሞ ቅኔ የሚዘርፍ ተማሪ ትዝ ሳይለው አይቀርም። ሆኖም ጉድለቱ ሊሸፈን አይገባውም። ሴትን የሚያዋርድና ነፍስ መግደልን የሚያሞካሽ ግጥም በብዛት ወጥቷል። ሰሙ ቈሻሻ ሲሆን ወርቅ አለበት ብሎ መከራከር አያድነውም፤ ነጋዴውም ከሚያሳዝነው ግጥም ይልቅ የሚያሳፍረውን አብዝቶ በመሸጡ ከነቀፋው ድርሻ አለው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ከቃሉ በታች ባለው ከበሮ ላይ ነው።

በ1969 ዘ ዊንስተንስ የተባለ የዋሽንግተን የሙዚቃ ጓድ አንድ ሸክላ አስቀረጸ። በፊቱ ስለ እንጀራ አባት ደግነት የሚናገር ዘፈን አለ፤ ይኸውም ግራሚ የሚባለውን ሽልማት አግኝቷል። የጀርባውን ገጽ ለመሙላት «አሜን ወንድሜ» የሚል ስም ያለው፥ ቃል የሌለበት ሙዚቃ ተቀረጸ። ዜማውም ጄስተር ሄርስተን ለ1963 ሲኒማ ከደረሰው፥ አሜን ከሚለው መዝሙር የመጣ ነው። በዚህ ሙዚቃ መካከል ሌሎቹ ሁሉ ዝም ሲሉ፥ ግሪጎሪ ኮልማን የሚባል ሰው ለሰባት ሰከንድ ያህል ብቻውን ከበሮ ይመታል። ከዚያ በኋላ ሙዚቃው ይቀጥላል፤ ያን ጊዜም ነገሬ ያለው ሰው አልነበረም።

በ1980ዎቹ ድምፅን ቈርጦ የሚይዝ መሣሪያ በተገኘ ጊዜ እነዚያ ሰባት ሰከንዶች ከጀርባው ገጽ ላይ ተነሡ። በ1988 የሎስ አንጀለስ ልጆች የሆኑት ኤን ደብሊው ኤ ስለ ሰፈራቸው በቍጣ የተናገሩበት ሸክላ በዚያ ከበሮ ላይ የቆመ ነው። በእንግሊዝ አገርም ያንኑ ምት እየቈራረጡና እያፈጠኑ ሌላ የጭፈራ ዐይነት ፈጠሩበት። ኋላም በንግድ ማስታወቂያና በቴሌቪዥን ገባ። ዛሬ በብዙ ሺህ ሙዚቃዎች ውስጥ ይሰማል፤ ስሙን ሳያውቅ ያልሰማው የከተማ ሰው ያለ አይመስልም። ኮልማን ግን ከዚህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አላገኘም።

ስለዚህ ነገር የሚሟገቱ ሰዎች፥ የቆየ ከበሮ ወስዶ በላዩ አዲስ ቃል መናገር የቆየውን የዜማ ልክ ይዞ አዲስ ቅኔ እንደ መቀኘት ነው ሊሉ ይችላሉ። ጉባኤ ቃናውም መወድሱም የሁሉ ነው፤ በልኩ የተቀኘ ሁሉ ሌባ አይባልም። ምሳሌው ያምራል፥ ነገር ግን አይሞላም። ልክ ማለት መስፈሪያ ነው፤ የኮልማን ከበሮ ግን መስፈሪያ ሳይሆን አንድ ሰው በአንድ ቀን በገዛ እጁ የሠራው ሥራ ነው። የቅኔ ተማሪም የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ ያፍራል፤ የታወቀ ሊቅ የተቀኘውን በጨዋታ መካከል የሚያነሣ ሰው ግን አስቀድሞ የእገሌ ቅኔ ነው ይላል እንጂ አይነቀፍም። እንግዲህ ጥፋቱ ደግሞ መናገሩ ሳይሆን ስሙን ማጥፋቱ ነው። (ቅኔ መፍጠር በአማርኛ «መዝረፍ» መባሉ በዚህ ላይ ሲታሰብ ያስገርማል።)

በ1991 ነገሩ ወደ ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ደረሰ። ቢዝ ማርኪ የተባለው ገጣሚ የአየርላንዱን ተወላጅ የጊልበርት ኦሰሊቫንን ዘፈን ሳይፈቀድለት ቈርጦ አስገብቶ ነበርና፥ ዳኛው ኬቪን ዳፊ ፍርዱን የጀመረው ከዐሥርቱ ትእዛዛት መስረቅን የሚከለክለውን ጠቅሶ ነው። ትእዛዙ እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። በሥራ ላይ ሲውል ግን ምን አደረገ? ከዚያ ወዲህ ከቆየ ሸክላ ለመውሰድ ፈቃድ መግዛት ግድ ስለ ሆነ፥ ገንዘብ ያለው ገዛ፥ የሌለው ተወ። ደ ላ ሶል የተባሉት ጓደኞች በ1989 ከብዙ ሸክላ ለቃቅመው የሠሩት መልካም ሥራም በዚሁ በፈቃድ ጣጣ ምክንያት በኢንተርኔት የሙዚቃ መደብር ሳይገኝ እስከ 2023 ቆየ። የፈቃዱም ዋጋ የሚከፈለው ዜማውን ለደረሰውና ቀረጻውን ለያዘው ኩባንያ ነው። ከበሮ መቺ እንደ ቀን ሠራተኛ ይቈጠራል፤ በውሉ ወረቀት ላይ ስሙ የለም። ዳኛው የጠቀሰው ትእዛዝ ስለ ሌባው እንጂ ስለ ሠራተኛው ደመወዝ አልጠየቀም፤ በዚያው መጽሐፍ ስለ ደመወዝም የተጻፈ ቃል ሳለ።

ነገሩ ከኢትዮጵያም የራቀ አይደለም። በ2010 ናስና ዳሚያን ማርሊ አብረው ባወጡት ሥራ የሙላቱ አስታጥቄ የቆየ ሸክላ ተቈርጦ ገብቷል፤ በአዲስ አበባ የሚያደምጡት ወጣቶችም ያን ድምፅ ከአሜሪካ ዞሮ ሲመጣ ሰሙት።

የጓዱ መሪ ሪቻርድ ስፔንሰር ሸክላው ምን እንደ ሆነ ብዙ ዘመን ሳያውቅ ኖረ፤ ባወቀም ጊዜ የክሱ ዘመን አልፎበት ነበር። በ2015 በእንግሊዝ አገር ያሉ ሸክላ አጫዋቾች ከሕዝብ 24,000 ፓውንድ ያህል አሰባስበው ሰጡት። ኮልማን ግን ቤት አልባ ሆኖ በአትላንታ በድህነት እንደ ሞተ ይኸው ስፔንሰር ተናግሯል። ገንዘቡ በተሰበሰበ ጊዜ ከሞተ 9 ዓመት ሆኖት ነበር።