የዝግታ ድስት በሮብ ገበያ ሚዛን

ሮብ ገበያ ላይ ድስት የምትገዛ ሴት ከዓይኗ ይልቅ ጆሮዋን ታምናለች። ድስቱን በግራ እጇ አንጠልጥላ በቀኝ ጣቷ ሆዱን ትመታዋለች። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ዋጋ ትጠይቃለች፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ደግሞ ምንም ሳትናገር ጭዱ ላይ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ሻጯም አትከራከርም። ስንጥቅ ያለበት ሸክላ ራሱ እንደሚናገር ሁለቱም ያውቃሉ።

ዛሬ የምመዝነው ዕቃ እዚያ ገበያ አይሸጥም። በሻንጣ ከአሜሪካ የመጣው ስሎው ኩከር ነው፤ ብዙዎቻችን በአንዱ የፋብሪካ ምልክት ክሮክፖት የምንለው የኤሌክትሪክ ድስት። ይህን ዕቃ ያሞገሱትም ያጥላሉትም በወጡ ጣዕም ነው። እኔ የያዘው እድፍ ሲለቅና አልለቅ ሲል እያየሁ ልመዝነው። ዕቃ ጠባዩ የሚታወቀው ሲታጠብ ነውና።

ሠሪው ኧርቪንግ ናክሰን ይባላል። ፈጠራው በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። ሐሳቡን ያገኘው እናቱ ስለ ሊቱዌኒያ ካወራችው ነው ይባላል፤ እዚያ አይሁድ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የባቄላና የሥጋ ድስታቸውን ወደ ዳቦ ጋጋሪ ወስደው፣ እየበረደ በሚሄደው ምድጃ ውስጥ አሳድረው፣ በሰንበት እሳት ሳይነኩ ትኩስ ይበሉ ነበር። (በጎንደር ወለቃ በሸክላ ሥራቸው የታወቁት ቤተ እስራኤላውያን ግን ሰንበትን በቀዝቃዛ ምግብ ነበር የሚያሳልፉት። ያው ሕግ ነው፤ ድስቱ ብቻ ተለያየ።) ናክሰን ድርጅቱን ሪቫል ለተባለ ኩባንያ ሸጠ፤ ሪቫልም እ.ኤ.አ. በ1971 ክሮክፖት ብሎ ገበያ አወጣው። ለእኛ ጉዳይ የሚበልጠው ዓመት ግን 1974 ነው። እስከዚያ ድረስ ሸክላው ከማሞቂያው ጋር የተጣበቀ ስለነበር ወጥ ያረረበት ሰው ገመድ ያለው ዕቃ ታቅፎ ነበር የሚያጥበው። በዚያ ዓመት ሸክላው ተነጥሎ የሚወጣ ሆነ። በእኔ ሚዛን የዚህ ዕቃ ትልቁ ማሻሻያ ይኸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተጨመሩት ሰዓቶችና ቁልፎች ጌጥ ናቸው።

የሸክላው ውስጥ በመስታወት መሰል ልባስ ተሸፍኗል። የሮብ ገበያ ድስት ይህ ልባስ የለውም፤ አፈሩ ይጠጣል። ስለዚህ አዲስ ድስት ከመጠቀማችን በፊት በቅባት እናሟሸዋለን፤ ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚሟሽ ሁሉ። ማሟሸት ማለት እድፍን በፈቃድ መስጠት ነው ብል አልተሳሳትኩም። የአፈሩ ቀዳዳ በቅባት ይሞላል፣ እሳት ያጠነክረዋል፣ ድስቱም ከዓመት ዓመት እየጠቆረ እየጣፈጠ ይሄዳል። ጥቁረቱን ልትፍቅ የተነሳች ሙሽራ ብትኖር አማቷ እጇን ትይዛት ነበር።

ይህ ልዩነት ያልገባው ሰው ሁለቱንም ያበላሻል። እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። ሞጣ ከተማ እታለም የምትባል ሴት ቤት በእንግድነት ሄጄ፣ ልረዳ ብዬ የሽሮ ድስቷን በኦሞ አሽቼ አጠብኩላት። በማግስቱ ሽሮው ሳሙና ሳሙና አለ። እታለም ቀመሰች፣ ጎረሰች፣ ዋጠች፤ "ልጄ፣ ድስቴን አጥምቀህ ክርስትና አነሳህልኝ እንዴ?" አለችኝ። አፈሩ ሳሙናውን ጠጥቶ አድሮ ኖሯል።

ተራው ለእሷ ደርሶ፣ ውጭ ያለችው እህቴ ስሎው ኩከር ላከችላት። ዶሮ ወጥ ሠራችበት፤ በጠርዙ ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ቀረ። እታለም የብረት ድስት ጥላሸት እንደምታስለቅቀው አሸዋና አመድ በቃጫ ይዛ ፈገፈገችው። ቀለበቱ በከፊል ለቀቀ፤ ከእሱ ጋር ግን የልባሱ ብርሃን ሄደ። ከዚያ በኋላ የሠራችው ወጥ ሁሉ በጭረቱ ውስጥ እየገባ ቀይ መስመር እየተወ ቀረ። "ይሄ ዕቃ ይኮራል፤ ሲያሹት ይቀየማል" አለች። ከዚህ የተሻለ ሂስ ስለ ክሮክፖት አላነበብኩም።

በልባስ ላይ ያለ እድፍ ውስጥ አይገባም። ላይ ተጋግሮ ነው የሚቀመጠው። ጉልበት ስንጨምር ውስጥ መግቢያ በር የምንከፍትለት እኛው ነን። ያ ቡናማ ቀለበት ወጡ የቆመበት የከፍታ ምልክት ነው፤ ከወጡ በላይ የተረጨው ስብና የሽንኩርት ስኳር ለብዙ ሰዓት ደርቆ እንደ ቫርኒሽ የጠነከረበት ቦታ። በደረቅ እሳት ቀስ ብሎ የተጋገረውን በእርጥብ እሳት ቀስ ብሎ ማስለቀቅ ነው። ሸክላውን ከቀለበቱ ከፍ እስኪል ውኃ ሙላው። ሁለት ሦስት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ጥቂት ላርጎ ጨምርበት። ክደነውና በዝቅተኛው ሙቀት ሁለት ሦስት ሰዓት ተወው፤ ከዚያ ነቅለህ እዚያው ይቀዝቀዝ። ሶዳው ስቡን ያላላዋል፤ ሲበርድ በለስላሳ ስፖንጅ ይነሳል። ግትር ባለው ላይ ሶዳውን በጥቂት ውኃ ለውሰህ ለጥፍበትና አሳድረው። ትኩሱን ሸክላ ቀዝቃዛ ውኃ አታስነካው፤ ይህን እንኳ ለሮብ ገበያ ሰው መንገር ድፍረት ነው።

እዚህ ላይ በየቤቱ ከምሰማው ምክር ጋር እጣላለሁ። ሶዳና አቼቶ አንድ ላይ ጨምሩ ይባላል፤ ይፈላል፣ ይንጫጫል፣ ዓይን ይሞላል። አረፋውን የሚወድ ሰው ብዙ ነው። ግን አንዱ ሌላውን አጥፍቶት የሚቀረው ጨው ያለበት ውኃ ብቻ ነው። አቼቶ የራሱ ሥራ አለው፦ ከከባድ ውኃ የሚቀረውን ነጭ ደመና ብቻውን ያነሳዋል፤ ሶዳ ደግሞ ያንን ነጭ አይነካውም። በረኪናን በአቼቶ ላይ የሚጨምር ግን መርዛማ ጭስ እየሠራ መሆኑን ይወቅ።

የበርበሬው ቀይ ሌላ ነገር ነው፤ ለእኛ ቤት ዋናውም እሱ ነው። የአሜሪካው መመሪያ ስለ ባቄላና ስለ ሾርባ ያወራል፣ ስለ ቁሌት ምን ያውቃል? የበርበሬ ቀለም በስብ እንጂ በውኃ አይሟሟም። ስለዚህ በሳሙና ከመጀመር በፊት ቦታውን በጥቂት ዘይት ማሸት፣ ከዚያ ዘይቱን በሙቅ ውኃና በላርጎ ማንሳት ነው። ጭረት ውስጥ ለቀረው የመጨረሻው መድኃኒት ፀሐይ ነው፤ የበርበሬም የእርድም ቀለም ብርሃን አይችልም። የእታለምን ሸክላ ደጅ ላይ ለፀሐይ አስጥተነው መስመሮቹ በሦስተኛው ቀን ፈዘዙ። ጭረቱ ግን ጭረት ነው፤ አልተመለሰም።

አንዲት ጎረቤት እንዶድ አምጥታ ነበር። እንዶድ ጋቢ ያነጣል፤ አረፋውም ከፋብሪካ ሳሙና አያንስም። ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት በታች ያለው ቀንድ አውጣ ሞቶ አይተው ነው የእንዶድን ኃይል ለቢልሃርዚያ መከላከያ ያጠኑት። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ወጥ የሚሠራበት ዕቃ ውስጥ አይገባም ብዬ መለስኳት። እሷም ሳቀችና ለጋቢዋ ይዛው ሄደች።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ከአሜሪካ የሚመጣው ዕቃ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ ግድግዳ 220 ይሰጣል። ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ ማሞቂያው ሊሸከም ከሚገባው ከሦስት እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ይጎትታል። ያኔ የሚቀረው እድፍ በሶዳ የሚለቅ አይደለም፤ የተቃጠለ ዕቃ ነው። ክዳኑም እንፋሎቱን አያስወጣም፤ ስለዚህ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ውኃው ሳይመጥ ይቀራል፤ ቁሌት የሚፈልገው መማሰልና መምጠጥ ነው። እታለም ቁሌቱን በሸክላ ድስቷ አብስላ፣ ሥጋውን ብቻ በኤሌክትሪኩ ታሳድራለች፤ ትክክል ናት። መብራት ጠፍቶ ካደረ ደግሞ ወጡ ለብ እንዳለ ይቆያል፤ ያ ወጥ ለሰው አይሰጥም።

አንድ ነገር ግን ሳልሰጠው ባልፍ ዳኝነቴ ይጎድላል። በእኛ አገር የጾምና የፍስክ ድስት ለየብቻ የሚያዘው እምነት ስለጠየቀ ብቻ አይደለም፤ አፈሩ ቅቤን ስለማይረሳ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ የፍስኩ ድስት ተሰቅሎ ሃምሳ አምስት ቀን ይቆያል። ልባስ ያለው ሸክላ በሶዳ ካደረ በኋላ ቅቤ አይሸትም፤ ሽንብራ ቢቀቀልበት የትናንቱ ዶሮ አይመሰክርም። እታለም ግን እስከ ዛሬ አላመነችውም። ክሮክፖቱን የፍስክ ብላ መደበችው፤ ለጾሙ ከገበያ ሌላ ሸክላ ገዛች።

ለሚገዛ ሰው፦ 220 ቮልት የተጻፈበትን፣ ሸክላው የሚወጣውን፣ ውስጡ ጠቆር ያለውን ይምረጥ። ሽቦና አሸዋ አያስነካው። ልባሱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ስንጥቅ ከታየ አይፈግፍገው፣ አይጠግነው፤ ይቀይረው። ከመግዛቱ በፊትም በጣቱ ይምታው፤ ጥርት ካላለ ይተወው።